ሆድ የሚይዝ፣ ካሎሪው ቀለል ያለ፦ ክብደት ለሚቀንሱ ሰዎች ስለ ምግብና ጣፋጭ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክብደት ለመቀነስ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው በረሃብ ነው። ራሱን ሰነፍ እያለ ይወቅሳል እንጂ ችግሩ ያለው ሳህኑ ላይ ነው። እኔም አንድ ወቅት ለሁለት ሳምንት ሰላጣና ኪያር ብቻ እየበላሁ ሰነበትኩ። ቀን ቀን ጥሩ እይዘዋለሁ። ማታ ግን ወጥ ቤት ገብቼ ዳቦ መቁረስ እጀምራለሁ፤ ልብ ስል ግማሹ አልቋል። ያኔ የጎደለኝ ፕሮቲን እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ብዙ አብስያለሁ፣ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙም ተጠይቄያለሁ። ደጋግመው የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ካሎሪው ትንሽ የሆነ ምግብ እንዴት ሊያጠግብ ይችላል?

ጨጓራ ካሎሪ መቁጠር አይችልም። ቶሎ የሚሰማው ምን ያህል እንደተለጠጠ ነው። ስለዚህ ቦታ የሚይዝ፣ ግን ካሎሪ ያልታጨቀበት ምግብ ያጠግባል። ቦታውን የሚሞሉት በዋናነት ውሃና አሰር ናቸው፤ አሰር ያልኩት ፋይበር የምንለውን ነው።

100 ካሎሪን በሁለት መልክ እንየው። በዘይት ከሆነ 11 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በእንጆሪ ከሆነ ከ300 ግራም ያልፋል፤ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ማለት ነው። ዘይቱ ምግቡ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል፤ መጨመሩም አይታወቅም። እንጆሪውን ግን በልቶ ለመጨረስ ራሱ ጊዜ ይወስዳል።

እ.ኤ.አ. በ1995 በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ እነ ሱዛና ሆልት 38 ምግቦችን በጥጋብ አወዳድረው ነበር። ከእያንዳንዱ ምግብ 240 ካሎሪ ያህል ሰጡ፤ ከዚያ ለሁለት ሰዓት ያህል ሰዎቹ ምን ያህል እንደጠገቡ እየጠየቁ መዘገቡ። ነጭ ዳቦን 100 ብለው መነሻ አደረጉ። የተቀቀለ ድንች 323 አመጣ፤ ከሁሉም አንደኛ። ዓሳ 225፣ የአጃ ገንፎ 209፣ ብርቱካን 202 ሆኑ። ኬክ 65 ላይ ቀረ፤ ክሮሳን ደግሞ 47 ላይ። ሁሉም እኩል ካሎሪ መሆናቸውን አትርሱ። ድንች ያወፍራል እየተባለ ስሙ የጠፋው በአብዛኛው በሚጠበስበት ዘይት ነው። ቀቅላችሁ ብትበሉት እንደ እሱ ሆድ የሚይዝ ጥቂት ነው።

ታዲያ ፕሮቲን ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

በሦስት ምክንያት። የመጀመሪያው ጥጋብ ነው። ፕሮቲን ስንበላ አንጀታችን “በቃኝ” የሚሉ ሆርሞኖችን በደንብ ይለቃል። ጥጋቡም ይቆያል።

ሁለተኛው፣ ሰውነት ፕሮቲንን ለመፍጨትና ለመጠቀም ራሱ ጉልበት ያወጣል። ከፕሮቲን ከምናገኘው 100 ካሎሪ ውስጥ ከ20 እስከ 30 የሚሆነው እዚያው ይቃጠላል። ከካርቦሃይድሬት ከ5 እስከ 10 ገደማ ነው፤ ከቅባት ደግሞ ቢበዛ 3። ይህ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ግን ቀን በቀን ሲደማመር ያግዛል።

ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው፤ ጡንቻ። ካሎሪ ስንቀንስ ሰውነት የሚያነሳው ከስቡ ብቻ አይደለም፤ ከጡንቻውም ይነካል። ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ሲወርድ ደስ ይለናል እንጂ የወረደው ምን እንደሆነ አይነግረንም። ፕሮቲን በበቂ መብላትና ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ መሥራት ጡንቻው እንዲተርፍ ያደርጋሉ። ጡንቻው ያለቀበት ሰው ይደክማል። ደረጃ መውጣት ይከብደዋል፤ ክብደቱ ከተመለሰ ደግሞ የሚመለሰው በአብዛኛው ስብ ሆኖ ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰዎች ይህን በተለይ ልብ ቢሉት እወዳለሁ።

በቀን ስንት ግራም ፕሮቲን ያስፈልገኛል?

ለጤነኛ አዋቂ የሚመከረው ዝቅተኛው መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው። ያ እጥረት እንዳይመጣ የሚያስችል መጠን ነው። ክብደት እየቀነሰ ላለ ሰው ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም የተሻለ ነው። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ90 እስከ 120 ግራም ይመጣል ማለት ነው። ክብደታችሁ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ስሌቱን አሁን ባላችሁበት ኪሎ አትሥሩት፤ ልትደርሱበት በምትፈልጉት ኪሎ ሥሩት። ያለዚያ ቁጥሩ ከሚያስፈልገው በላይ ይሆናል።

ደግሞ ሁሉንም ለእራት አታስቀምጡት። ብዙ ሰው ቁርሱ ሻይና ዳቦ ነው፤ ምሳው መጠነኛ፤ ሥጋው የሚመጣው ማታ ነው። ከዚያ ጠዋት አራት ሰዓት ሳይሞላ ሆዱ ይሞረሙረዋል። በየማዕዱ ከ25 እስከ 30 ግራም ቢከፋፈል ቀኑን ሙሉ ረሃቡ ለዘብ ይላል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ ብትሉኝ ቁርሱን ቀይሩ እላለሁ።

30 ግራም ፕሮቲን ሳህን ላይ ሲታይ ምን ይመስላል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ነገር ይገለጣል። የበሰለ የዶሮ ደረት፣ ቆዳው የተነሳ፣ 100 ግራም ያህል በቂ ነው፤ 165 ካሎሪ። መዳፍ የምታህል ቁራጭ ናት። በውሃ የታሸገ ቱና ከሆነ ውሃው ተንጠፍጥፎ 120 ግራም አካባቢ፤ ካሎሪው 140 ገደማ። ቅባት የሌለው፣ የተጠለለ ወፍራም እርጎ 300 ግራም፤ 180 ካሎሪ።

በእንቁላል ከሆነ አምስት ሙሉ እንቁላል ያስፈልጋል፤ 360 ካሎሪ ይደርሳል። ግን ሁለት ሙሉ እንቁላልና የአምስት እንቁላል ነጩን ብቻ ብትመቱት ያው 30 ግራም ፕሮቲን በ225 ካሎሪ ታገኛላችሁ። አስኳሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ቫይታሚኑ በብዛት ያለው እዚያ ነው። ለዚህ ነው ሁለቱን አስኳሎች የማላወጣቸው።

የበሰለ ምስር 330 ግራም ያህል ይጠይቃል፤ 380 ካሎሪ። ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ ግን ከ25 ግራም ያላነሰ አሰር ይዞ ይመጣል፤ ማንም ይህን አይሰጣችሁም።

አሁን የለውዝ ቅቤን እዩት። የፕሮቲን ምግብ ነው እየተባለ በማንኪያ ይበላል። ከእሱ 30 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት 120 ግራም መብላት ያስፈልጋል፤ 700 ካሎሪ ነው። ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን ከፕሮቲኑ ይልቅ ቅባቱ ይበዛል። ለጣዕም አንድ የሻይ ማንኪያ ጣል አድርጉበት፣ ይበቃል።

ለእራት ምን ትመክራላችሁ?

ሾርባ። ሳልሰለች የምመልሰው መልስ ነው።

አንድ አስተማሪ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ እነ ባርባራ ሮልስ ለሴቶች ከምሳ በፊት ከዶሮና ከሩዝ የተሠራ ምግብ ሰጡ። አንድ ቀን ምግቡን ብቻውን፣ ሌላ ቀን ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር፣ ሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ ውሃ ምግቡ ውስጥ ጨምረው ሾርባ አድርገው። ከዚያ ምሳ ቀረበ። ሾርባውን የበሉ ቀን ሴቶቹ ምሳ ላይ የበሉት አነሰ። ውሃውን በብርጭቆ የጠጡ ቀን ግን ልዩነት አልመጣም። ውሃው ያው ነው፣ ምግቡም ያው ነው። ውሃው ምግቡ ውስጥ ሲገባ ግን ጥጋቡ ሌላ ሆነ።

እኔ ደጋግሜ የምሠራው ይህ ነው። 60 ግራም ደረቅ ምስር አጥባለሁ። ሽንኩርት በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አቁላላለሁ፤ ሲይዝብኝ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ። ካሮት፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን። ምስሩን ጨምሬ ውሃውን ከፍ አድርጌ አፈላዋለሁ። ምስሩ ሲላላ አንድ እፍኝ ቆስጣ እበትንበታለሁ። መጨረሻ ላይ እሳቱን ቀንሼ ሁለት እንቁላል እሾርባው ውስጥ እሰብራለሁ፤ ሳላማስል ከድኜ አራት ወይም አምስት ደቂቃ እተወዋለሁ። ነጩ ይረጋል፣ አስኳሉም ጠጠር ማለት ይጀምራል። ከድስቱ ከማውጣቴ በፊት ሎሚ እጨምቅበታለሁ። ሳህኑ ሙሉ ይሆናል፤ ካሎሪው 460 አካባቢ፣ ፕሮቲኑ 30 ግራም። ሎሚውን አትርሱት፤ ያለ እሱ ምስሩ ድፍን ያለ ጣዕም ይኖረዋል።

ጣፋጭ ሙሉ በሙሉ መተው የለብኝም?

የለባችሁም። አንዳንዱ ሰው ጭራሽ መተው ይቀለዋል፤ ለእሱ ጥሩ ነው። ብዙዎቻችን ግን የከለከልነው ነገር ነው ቀኑን ሙሉ የሚያምረን። አርብ ማታ ላይ ይፈነዳል። ከዚያ ጸጸት፣ ከጸጸቱ ቀጥሎ ደግሞ “አንዴ ከተበላሸ ሰኞ እጀምራለሁ” ይመጣል። ይህ ዙር ስንቱን ሰው እንዳደከመ አውቃለሁ።

የእኔ ሐሳብ ጣፋጩን የምግቡ አካል ማድረግ ነው። ከእርጎ፣ ከእንቁላል፣ ከአጃ፣ ከፍራፍሬ የተሠራ ጣፋጭ እንደማንኛውም ምግብ ሆድ ይይዛል። እንደዚያ ሲሆን ከእራት በኋላ የምትበሉት ነገር ለነገው ቁርስም ያገለግላል። ስኳሩንም ጨርሶ ማስወገድ ግድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይላል። 5 በመቶው 25 ግራም ገደማ ነው፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ። ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም እዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ።

አንድ ጣፋጭ ብቻ ልማር ብል የቱን ልሥራ?

የተጋገረ የእርጎ ኬክ። ቺዝ ኬክ የሚወድ ሰው ይህን ከቀመሰ አይከፋውም።

500 ግራም ቅባት የሌለው የተጠለለ እርጎ ያስፈልጋል። የተጠለለ ካላገኛችሁ ተራውን እርጎ በንጹህ ነጠላ ጨርቅ ቋጥራችሁ ወንፊት ላይ አስቀምጡና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። አጓቱ ወርዶ ጠዋት ላይ ማንኪያ የሚያቆም እርጎ ታገኛላችሁ። ተራ እርጎ በ100 ግራም ከ3.5 እስከ 5 ግራም ፕሮቲን ሲኖረው የተጠለለው 10 ይደርሳል። ልዩነቱ ይሄ ነው። ለኬኩ 500 ግራም የሚለካው ከተጠለለ በኋላ ነው፤ ተራውን ስትቋጥሩ እጥፍ ያህል ጀምሩ።

እርጎው ላይ ሁለት እንቁላል፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ ቫኒላ፣ የተፈቀፈቀ የሎሚ ልጣጭና ቁንጥር ጨው ጨምሩ። በማንኪያ ወይም በእጅ መምቻ ቀስ ብላችሁ አዋህዱት። በማሽን ብዙ ከመታችሁት አየር ይገባበታል፤ ሲጋገር ይነፋና ሲበርድ መሐሉ ተሰንጥቆ ይወርዳል። በ160 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ጋግሩት። ዳር ዳሩ ረግቶ መሐሉ ገና ሲንቀጠቀጥ ነው ማጥፋት። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ይፈራል፤ “አልበሰለም” ብሎ አሥር ደቂቃ ይጨምርበታል። አትጨምሩ። ኦቨኑን አጥፍታችሁ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፤ በራሱ ሙቀት ይጨርሳል። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ አራት ሰዓት ይቆይ። ትኩሱን ከቆረጣችሁት እንደ ገንፎ ይሆናል።

አራት ቦታ ስትከፍሉት አንዱ ድርሻ 160 ካሎሪና 15 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሆናል። ተራ ቺዝ ኬክ 125 ግራም ቁራጩ 400 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ፕሮቲኑ ደግሞ 7 ግራም።

ኦቨን የለኝም። ምን ላድርግ?

ብዙ ምርጫ አለ። የበሰለ ሙዝ ላጡና ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ ከ150 ግራም የተጠለለ እርጎና ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ካካዋ ጋር ፍጩት። አይስክሬም ነው የሚወጣላችሁ፤ 200 ካሎሪ ገደማ፣ 16 ግራም ፕሮቲን። ወዲያው ብሉት። መልሳችሁ ካቀዘቀዛችሁት በረዶ ይሠራል፤ ቅባቱና ስኳሩ ስለሚያንስ እንደ ሱቅ አይስክሬም ለስላሳ ሆኖ አይቆይም።

ቺያ የሚባለው ጥቃቅን ፍሬ ካላችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ አሳድሩ። ቺያ የራሱን ክብደት አሥር እጥፍ ያህል ውሃ ይይዛል፤ ጠዋት ፑዲንግ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ከነከሩት በኋላ አሥር ደቂቃ ቆይቶ አንዴ ማማሰል ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ታች ላይ ተጓጉሎ ይቀራል።

በጄላቲን የሚሠራ ጄሊም ካሎሪው ትንሽ ነው። ግን ፕሮቲን በላሁ ብላችሁ አትቁጠሩት፤ ፕሮቲን የሚገነባው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ነገሮች ነው፤ ጄላቲን ከእነሱ አንዱ የሆነው፣ ትሪፕቶፋን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ የለውም። ጥሬ አናናስ ወይም ኪዊ ደግሞ አታስገቡበት። በውስጣቸው ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ስላለ ጄሊው ጨርሶ አይረጋም። አናናሱ ከፈላ ወይም የታሸገ ከሆነ ችግር የለውም፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል።

የፕሮቲን ዱቄት የግድ መግዛት አለብኝ?

የግድ አይደለም። ዌይ የሚባለው ከአጓት የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ከወተት ተዋጽኦ የተለየ ምስጢር የለውም። ጠዋት ለሚቸኩል፣ ምግብ አልወርድ ለሚለው ሰው ይጠቅማል። እርጎ፣ እንቁላልና ምስር መብላት የሚችል ሰው ግን ያለ እሱም ይሞላለታል።

ጣፋጭ ውስጥ የምትጠቀሙበት ከሆነ መጠኑን አታብዙ። ዌይ ሙቀት ሲነካው ውሃውን ይለቅና ኬኩ ስፖንጅ የሚያኝኩት ይመስላል። ከኬኩ የስንዴ ዱቄት ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉን ብቻ በዌይ ተኩት። እርጎ ወይም የተፈጨ ፖም ጨምሩበት፤ ያረጥበዋል። ደግሞ ሲጋገር ከተለመደው ትንሽ ቀደም ብላችሁ አውጡት።

“ፕሮቲን የበዛበት” ተብሎ የተጻፈበት ብስኩትና ቸኮሌትስ?

ፊት ለፊት የተጻፈውን ትታችሁ ጀርባውን አዙሩት። ቀላል ስሌት አለ። የፕሮቲኑን ግራም በ10 አባዙ። ያገኛችሁት ቁጥር ከካሎሪው እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ በእውነትም የፕሮቲን ምግብ ነው። 220 ካሎሪ ያለው ቸኮሌት 10 ግራም ፕሮቲን ቢኖረው 100 ነው የሚመጣው፤ ግማሽ አይሞላም። ከረሜላ ነው፤ ትንሽ ፕሮቲን ተጨመረበት እንጂ። ከፈለጋችሁ እንደ ከረሜላ ብሉት። ምስር ይህን ፈተና በትንሹ ይወድቃል፣ ሽምብራ ደግሞ በሰፊው፤ እነሱን ግን አሰራቸው ስለሚክሳቸው አትጣሏቸው።

ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እነ ኬቨን ሆል 20 ሰዎችን አስገብተው ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ቅባት፣ አሰር እንዲመጣጠን ተደርጎ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቅዶላቸዋል። የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፤ በሁለቱ ሳምንትም አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክብደት ጨመሩ። ቶሎ ቶሎም ነበር የሚበሉት። የሚታኘክ ምግብ ያዘገያል፤ ጥጋብም እስኪደርስ ጊዜ ያገኛል።

ስኳር የሌለው ማጣፈጫ ብጠቀም?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጣው ምክር ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ በእነዚህ ማጣፈጫዎች መደገፍን አልመከረም። ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። እኔ የማደርገው ጣዕሙን ቀስ በቀስ ማላመድ ነው። በሳምንት አንድ የሻይ ማንኪያ ከቀነሳችሁ ምላስ አይቆጣም። ቀረፋ፣ ቫኒላና በደንብ የበሰለ ሙዝ ጣፋጭነትን ያጎላሉ።

እንደ ማልቲቶልና ዛይሊቶል ያሉት ማጣፈጫዎች ሲበዙ ሆድ ያነፋሉ፣ ያስቀምጣሉም። ቤት ውሻ ካለ ዛይሊቶል ያለበትን ነገር እንዳያገኘው ተጠንቀቁ፤ ለውሻ መርዝ ነው።

ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አልበላም። ይሆንልኛል?

ይሆናል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አኩሪ አተርና ከእሱ የሚሠራው ቶፉ አሉ። ጥራጥሬውን ከእህል ጋር በአንድ ቀን ውስጥ መብላት አሚኖ አሲዶቹን ያሟላል፤ የግድ በአንድ ሳህን መቅረብ የለባቸውም። ለጣፋጭ ለስላሳውን ቶፉ ከቀለጠ ጥቁር ቸኮሌት ጋር ፍጩትና አቀዝቅዙት። የቶፉው ጣዕም ጠፍቶ ወፍራም ክሬም ይሆናል። የመጀመሪያ ቀን ስሠራው አላመንኩም ነበር። ግን ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት ስለማይገኝ በሌላ መንገድ መውሰድ ያስፈልጋል።

ማታ ማታ ለምን ይርበኛል?

መጀመሪያ ቀኑን መልሳችሁ እዩት። ቁርስ ያልበላ፣ ምሳውን በሰላጣ ያሳለፈ ሰው ማታ ቢርበው ሰውነቱ ዕዳውን እየጠየቀው ነው። ይህ ከሆነ መፍትሔው ያለው ጠዋት ላይ ነው።

በልታችሁም የሚያምራችሁ ከሆነ እንቅልፋችሁን ተመልከቱ። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል፤ የሚያምረውም ጣፋጭና ቅባት ያለበት ነገር ነው። በዚያች ሰዓት አንድ ኩባያ እርጎ በፍራፍሬ ብሉና ተኙ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በላሁ አልበላሁ እያላችሁ ከራሳችሁ ጋር ከመሟገት ይሻላል።

ፕሮቲንና አሰር ስጨምር ሆዴን ነፋኝ፣ ደረቀኝም

በአንድ ጊዜ ስላበዛችሁት ነው። አሰርን በሁለትና በሦስት ሳምንት ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ውሃም አብሮ ይጨመር። ጥራጥሬውን አሳድራችሁ ውሃውን ድፉት። ሥጋና እርጎ ብቻ እየበላችሁ አትክልቱን ከረሳችሁት ደግሞ ድርቀቱ አይቀርም። ወተት የማይስማማችሁ ከሆነ ምልክቱ ቶሎ ይታያል፤ ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር፣ የሌለውን ሞክሩ።

ይህ አመጋገብ ለማን አይሆንም?

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ፕሮቲን መጨመር የለበትም። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ምግቡን ሲቀንስ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል፤ መድኃኒቱ መስተካከል ስላለበት አስቀድሞ ይነጋገር። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም የምትጀምርበት ጊዜ አይደለም። ልጆችም እንደዚሁ፤ የሚያድግ አካል ነው። ከምግብ ጋር የተጣላ፣ ራሱን የሚያስርብ ወይም በልቶ የሚያስመልስ ሰው ደግሞ ካሎሪ መቁጠር ሕመሙን ያብስበታል። እንዲህ ያለ ነገር በራሳችሁ ወይም በቅርብ ሰው ላይ ካያችሁ መጀመሪያ እርዳታ ይፈለግ።

ጤነኛ ለሆነም ሰው በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው። ከዚያ ሲፈጥን ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል።

ሁልጊዜ በሚዛን መለካት አለብኝ?

አይ። ሁለት ሳምንት ያህል መዝኑ፤ ዓይን እስኪለምድ። በተለይ ዘይት፣ ለውዝና አጃ። ሌላውን በዓይን መገመት ይቻላል።

ሠርቼ ባስቀምጠው ስንት ቀን ይቆያል?

ሾርባውና የተቀቀለው ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያሉ። የእርጎ ኬኩም እንደዚያው፤ ሁለተኛው ቀን ላይ እንዲያውም ይጣፍጣል። ሾርባውን ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ እንቁላሉን ግን ስታሞቁት ነው መስበር፣ ከበረደ በኋላ ላስቲክ ይሆናል። ጥሬ የእንቁላል ነጭ የሚገባባቸውን ክሬሞች ተዉዋቸው፤ ሳልሞኔላ ሊኖር ይችላል። ጥሬ ዱቄት ያለበትን ሊጥም አትቅመሱ። አጃውን ከእርጎ ጋር ማታ የምታሳድሩት ከሆነ በየኩባያው ከፋፍላችሁ አስቀምጡት፤ ፍራፍሬውን ግን ጠዋት ጨምሩ፣ ውሃውን እንዳይለቅባችሁ።